«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት»፦ ተረቱ የሚወቅሰው ማንን ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ቀፊራ በባጃጅ ስሄድ አንዲት እናት በስልክ የተበሉትን ገንዘብ ለአጠገባቸው ሰው ያወሩ ነበር። «ከስንት ሺህ ሰው መካከል እርስዎ ተመርጠዋል፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል» ተባሉ። ለማስመዝገቢያ ላኩ። ሌላም ጨምረው ላኩ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰውዬ ዞር አለና «ምን ያድርጉ እማማ፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት!» ብሎ ሳቀ። ሴትየዋ ዝም አሉ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ዛሬ ዛሬ ይህን ተረት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሞኝ ተታለለ ለማለት። ዶሮ ማሰብ አትችልም፣ ስለዚህ ማንም ያሞኛታል፣ አለቀ። ተረቱን ያወጡት ሰዎች ግን ከዶሮ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ከዶሮ ጋር የኖረ ሰው ደግሞ ዶሮን ሞኝ አይላትም።

መጫኛውን እንየው እስቲ። መጫኛ ረጅም ጠፍር ነው። የአህያና የበቅሎ ጭነት ይታሰርበታል። ሰንጋ ሊታረድ ሲልም እግሩን በመጫኛ ጠልፈው፣ ጎረምሶች ተረባርበው ስበው ይጥሉታል። ዶሮ ለማረድ ግን መጫኛ ምን ያደርጋል? ክንፏንና እግሯን ረገጥ አድርጎ መያዝ ይበቃል። ታዲያ መጫኛው ከየት መጣ? የተረቱ ምስጢር እዚህ ጋ ነው። እንደ ሰንጋ አከበሯት። «አንቺማ እንደ ተራ ዶሮ በእጅ አትያዢም፣ ላንቺ የሚመጥነው መጫኛ ነው» አሏት። እሷም ክብሩን ወዳ እግሯን ሰጠች። የጣላት ሙገሳ ነው። በጥሬማ ሞክረው አቅቷቸዋል ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ዶሮ በጥሬ ስትታለል ሳይሆን አልታለልም ስትል አይቼ ስላደግኩ ነው። ድሬዳዋ ግቢያችን ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አያቴ ዶሮዎች ነበሯት። አንድ የፋሲካ ዋዜማ፣ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየተላጠ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ገብስማዋን እንድንይዝ ታዘዝን። ማሽላ በተንን። ሌሎቹ ሮጠው መጡ። ገብስማዋ ቆመች። አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ መጀመሪያ መሬት ላይ ያለውን ማሽላ፣ ቀጥላ ወንድሜ ከጀርባው የደበቀውን እጅ አየች። የዶሮዎቹ እህል የሚበተነው ጠዋትና ማታ ነው። በዚያ በድሬ ቀትር፣ ዶሮ ሁሉ አፏን ከፍታ በምታለከልክበት ሰዓት፣ እህል በትኖ የሚጠራት ሰው ምን ፈልጎ ነው? አንድ ፍሬ ሳትለቅም በአጥሩ ቀዳዳ ወጣች።

አያቴ ከበሩ ላይ ሆና ስታየን ቆይታ «ተዉአት፣ ቀን አትያዝላችሁም» አለች። ሲመሽ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጥተው ጸጥ ካሉ በኋላ ገባች። እጇን በገብስማዋ ደረት ሥር ቀስ አድርጋ ሰዳ አነሳቻት። ዶሮ በጨለማ እምብዛም አይታያትም፣ ስለዚህ አትሸሽም። ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቀን ቀን ጎረምሳ ሁሉ ሲያሯሩጣት የሚውላት ዶሮ፣ ማታ አንዲት አሮጊት ያለ ድምፅ ያወርዳታል።

መላጣዋ ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች። አንገቷ ላይ ላባ የሌላት፣ ቀይ። እሷ ከአያቴ እግር ሥር አትጠፋም ነበር። ቡና ሲቆላ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ፈንዲሻ ትጠብቃለች። ሌሎቹ በእንግዳ ሲበረግጉ እሷ የእንግዳውን ጫማ ትነቁራለች። አንድ ግቢ፣ አንድ ማሽላ፣ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። በመካከላቸው ተራም አለ። ማን ቀድማ እንደምትለቅም፣ ማን ማንን እንደምትነቁር የታወቀ ነው። ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሽየልደሩፕ ኤቤ በልጅነቱ የጀመረውን የዶሮ ምልከታ አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው ጥናት ስለዚሁ ተራ ነው። የበላይና የበታች ስለመሆን በእንስሳት ላይ የተጠናው ብዙ ነገር ከዚያ ተነሳ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአውራው ነገር ነው። ጭልፊት ሰማይ ላይ ስታንዣብብ የሚያሰማው ጩኸት ሌላ፣ ድመት በአጥር ስትሾልክ የሚያሰማው ሌላ ነው። እኛ ልጆቹም ድምፁን ብቻ ሰምተን ወደ ላይ ወይም ወደ አጥሩ እናይ ነበር። ተመራማሪዎች ለአውራ ዶሮዎች የአሞራና የምድር አውሬ ምስል በስክሪን እያሳዩ ሁለቱ ጩኸቶች የተለያዩ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። አውራ ዶሮ እህል ሲያገኝም ሴቶቹን ይጠራል። አንዳንዴ ግን ምንም ሳያገኝ ይጠራል፤ በተለይ ሴቷ ራቅ ስትል። ሮጣ ስትመጣ ባዶ መሬት ነው። የኛ አውራ ይህን ያበዛ ነበር። ገብስማዋ እየቆየች ሲጠራት ቀና ብላ እንኳ አታየውም። ውሸት የሚያበዛ አውራን ሴቶቹ ችላ እንደሚሉት ሊቃውንቱም ታዝበዋል። ዋሾውን ለይታ የምታውቅ ወፍ ናት እንግዲህ ሞኝ የምትባለው።

ስለ ተረቱ መነሻ የራሴ እምነት አለኝ። ይህን ያወጣው ገበሬ አይደለም፣ ሲራራ ነጋዴ ነው። ገበሬ ዶሮውን ማታ ከቆጥ ያወርዳል፣ መጫኛም አያስፈልገው። ሲራራ ነጋዴ ግን መንገደኛ ነው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የሐረር ቡና በግመልና በጭነት ከብት ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። በየመንደሩ ያድራሉ። ከመንደሩ ዶሮ ይገዛሉ። ዶሮዋ አታውቃቸውም፣ ጥሬ ቢበትኑላት አትጠጋም። ጭነቱ ተራግፎ በእጃቸው ያለው መጫኛ ብቻ ነው። እሱን ወርውረው እግሯን ይጠልፋሉ። ከዚያ እሳት ዳር ተቀምጠው «አክብረን እንደ ሰንጋ በመጫኛ ጣልናት እኮ!» ብለው ሲሳሳቁ ይታየኛል። ተረቱን ከጨውና ከቡናው ጋር ከገበያ ገበያ ያዞሩትም እነሱ ይመስሉኛል። ማስረጃዬ መጫኛው ራሱ ነው። የዶሮ ተረት ውስጥ የጭነት ዕቃ ያገባው የጫነ ሰው ነው።

እንግዲህ በባጃጁ ውስጥ ተረቱ ቦታውን ስቶ አልነበረም፤ አቅጣጫውን ነው የሳተው። «እርስዎ ተመርጠዋል» የሚለው ቃል መጫኛው ነው። ወቀሳው ጠፍሩን ላነሱት ይገባ ነበር። ወድቃ ባለችው ሴት ላይ ተሳቀበት።

የሚገርመው፣ በትክክለኛው ጊዜ ግን ማንም አያነሳውም። አንድ ሰው ሰፈር መጥቶ «አንተ እኮ ስምህ የተከበረ ነው፣ የኛ ዋስ ካንተ ሌላ ማን ይሆናል?» ይላል። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ሊፈርም እስክሪብቶ ያነሳል። በዙሪያው ያለነው ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያኔ ዝም እንላለን። ብድሩ ሳይከፈል ቀርቶ ቤቱ ለጨረታ ሲወጣ ነው «ዶሮን ሲያታልሏት» የምንለው። እባካችሁ ከመፈረሙ በፊት በሉት፣ ድምፃችሁንም ከፍ አድርጉ።