«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች»፦ ተረቱና የወጣቶች አበላል

ይህ ተረት የግጦሽ ሜዳ ልጅ ነው። ከብትና አህያ አንድ ላይ ተነድተው አብረው ይውላሉ፤ አህያ ደግሞ በዚህ አመሏ የታወቀች ናት። አብራት የዋለች ጊደር ማታ በረት ስትገባ ያንኑ ይዛ ትገባለች። ብዙ ሰው «መጥፎ ጓደኛ ያበላሻል» ብሎ ይፈታዋል። ፍቺው ባይሳሳትም ሁለት ቃላትን ዘሎ ያልፋል።

አንዱ «ጊደር» ነው። ተረቱ ላም አላለም። ጊደር ገና ያልወለደች ናት፤ አመሏ አልጸናም። ሁለተኛውና ዋናው «የዋለች» የሚለው ነው። አይታ ያለፈች ሳትሆን ቀኑን አብራ የገፋች ማለት ነው። «ተማሪ» ብሎ ያዘዛት የለም፤ መዋሉ ራሱ አስተማራት።

አበላልም የሚለመደው እንዲሁ ነው። ተመራማሪዋ ሊያን በርች በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ አንዱን አትክልት የሚመርጥን ሕፃን ሌላውን ከሚመርጡ እኩዮቹ ጋር ምሳ ላይ ለ4 ቀናት አስቀመጠች። ከ2ኛው ቀን ጀምሮ እኩዮቹ ቀድመው እንዲመርጡ ተደረገ። ሕፃናቱ ቀስ በቀስ ወደ እኩዮቻቸው ምርጫ ዞሩ፤ ለውጡም ከሳምንታት በኋላ ሲታይ አልጠፋም። በዕድሜ የሚያንሱት ደግሞ ይበልጥ ዞሩ። ጊደር የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ ተረቱ ያልነገረን ነገር አለ፦ በመዋል በጎም ይወረሳል። በስልክ ግን ሚዛኑ ያዘነብላል። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከ9 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ልጆች ታዋቂ የማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎችን ፎቶ አዩ። ጤናማ ያልሆነ መክሰስ የያዙትን ያዩት በአማካይ 448 ኪሎ ካሎሪ ገደማ በሉ፤ ምግብ ያልያዙትን ያዩት 357 ገደማ። ጤናማ መክሰስ ማሳየት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ የአትክልት ፎቶ ለልጅ እየላኩ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ማዕዱ ላይ አብሮ መዋል ያስፈልጋል።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት ጓደኛውን በመንቀፍ ነው። ወጣቱ ለጓደኛው ይሟገታል፤ ምግቡም የወዳጅነት ምልክት ይሆንበታል። ከዚያ ይልቅ ጓደኛውን ምሳ ጥሩት። አትክልቱን ሁሉም ሲርበው፣ ከሌላው ምግብ በፊት አቅርቡ፤ የሚወደው ልጅ ቀድሞ ያንሳ። ለእናንተም ከዚያው ይቅረብ፤ «ለአንተ ይጠቅምሃል» ብሎ ለብቻው ሰሃን መስጠት ምግቡን መድኃኒት ያስመስለዋል። «ይህን ከጨረስክ ጣፋጭ አለ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ የመጀመሪያውን ምግብ ቅጣት፣ ሁለተኛውን ሽልማት ያደርገዋል። አዲስ ምግብ እስኪለመድ 10 ጊዜ ያህል መቅረብ ሊያስፈልገው ስለሚችል በ3ኛው እምቢታ ተስፋ አትቁረጡ።

ሌላው የሚዘነጋው ትንሽ መብላትም የሚወረስ መሆኑ ነው። ሰው አብሮት የሚበላው ጥቂት ካነሳ እሱም እጁን ይሰበስባል። አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሁለት ጉርሻ ቀምሳ «ጠገብኩ» ብላ፣ ቤት ገብታ ለብቻዋ ድስት ብትከፍት ሆዳምነት አይደለም፤ ረሃቧን ይዛው ነው የመጣችው። በዚያ ሰዓት ስለ ክብደቷ ምንም ሳትናገሩ አጠገቧ ተቀምጣችሁ አብራችኋት ብሉ።