የጅማ መንገደኛና የቦሌ ላውንጅ፦ ምቾቱም ጉድለቱም

ጅማ ላይ «ላውንጅ» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሙዚቃው ደመቅ ያለ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ የምሽት ቤት ነው። የአየር መንገድ ላውንጅ ሌላ ነገር ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከሕዝቡ መቆያ ተለይቶ ለተወሰኑ መንገደኞች የተሰናዳ ሳሎን ነው። ሶፋ፣ ምግብና መጠጥ፣ ዋይፋይ፣ አንዳንዴም ሻወር አለው። በሩ ላይ ደግሞ ቦርዲንግ ፓስ አይቶ «ይግቡ» ወይም «ይቅርታ» የሚል ሰው አለ። የጅማ ሰው ከዚህ ሳሎን ጋር የሚገናኘው ባብዛኛው ቦሌ ላይ፣ ወደ ውጭ ሲሻገር ነው።

ሐሳቡን የጀመሩት አሜሪካኖች ናቸው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1939 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላጓርዲያ ላይ «አድሚራልስ ክለብ» የተባለውን ክፍል ከፈተ። መጀመሪያ የሚገባበት ኩባንያው የጋበዘው ሰው ብቻ ነበር። ኋላ በገንዘብ የሚገዛ አባልነት መጣ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ የየትኛውም አየር መንገድ ተሳፋሪ በአንድ ካርድ ብዙ ላውንጆች የሚገባበት «ፕራዮሪቲ ፓስ» ተመሠረተ።

ጅማና አውሮፕላን ግን የቆየ ትውውቅ አላቸው። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ ሲያደርጋት የአውሮፕላን ሜዳም ነበረው። ከተማዋ በሰኔ 1933 ከጣሊያን እጅ ወጣች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ደግሞ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ብዙም ሳይቆይ የአገር ውስጥ በረራ ሲጀምር ከቀዳሚዎቹ መዳረሻዎች አንዷ ጅማ ነበረች። ይህን የምንናገረው ትንሽ ደረታችንን ነፍተን ነው። እንዲያው በአጋጣሚም አልነበረም። ቡና እዚህ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ በክረምት የማይታመን ጭቃ።

በዚያን ጊዜ የሚበሩት ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ። ውስጣቸው ገና የወታደር ነበር። መንገደኛው ግራና ቀኝ ግድግዳው ጥግ በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። መሐል ላይ ዕቃ በገመድ ታስሮ ይጫናል። ዛሬ ስለ ሶፋ ልስላሴ ለሚያማርር ሰው ይህን ማስታወስ አይከፋም። አዲስ አበባም የሚታረፈው ልደታ ሜዳ ላይ ነበር። ቦሌ የመጣው የጄት ዘመን ሲመጣ ነው፤ ቦይንግ 720ዎቹ በ1955 ሲገቡ ልደታ ሊያስተናግዳቸው አይችልም ነበር።

በደርግ ዘመን አየር መንገዱ እንደ ንግድ ድርጅት መሥራቱን ቀጠለ፤ በ1976 ቦይንግ 767ም አስገባ።

ከዚያ ወዲህ ያለው በፍጥነት የሄደ ነው። አዲሱ የቦሌ ዓለም አቀፍ ተርሚናል በጥር 1995 ተከፈተ። ማስፋፊያው በጥር 2011 ሲመረቅ የመስተንግዶ አቅሙ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚደርስ ተነገረ። ለጅማ መስመር ትልቁ ለውጥ ግን በ2002 መምጣት የጀመሩት ኪው 400 አውሮፕላኖች ናቸው። ባለ ሁለት ፕሮፔለር ናቸው፤ ሰባ ምናምን ሰው ይይዛሉ። በመኪና በወልቂጤ፣ በጊቤ በረሃ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ትኬቱ ላይ «ጄ፣ አይ፣ ኤም» የሚል ምልክት ያየ ጅማ ነው።

ቦሌ ያለው የአየር መንገዱ የቢዝነስ ክፍል ላውንጅ «ክላውድ ናይን» ይባላል። ለመግባት አንደኛው መንገድ የቢዝነስ ክፍል ትኬት መያዝ ነው። ሁለተኛው ብዙ በርሮ ማዕረግ ማግኘት ነው። የአየር መንገዱ የደንበኞች ፕሮግራም ሸባ ማይልስ አራት ደረጃ አለው፤ ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ከገባ ወዲህ ባለ ወርቁ በሌሎቹ አባል አየር መንገዶች ላውንጅም ይስተናገዳል። በዚያው በረራ የሚሄድ አንድ እንግዳ ይዞ መግባትም ይችላል። እንግዲህ ከጅማ በዓመት አንዴ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ አባት በማይል ቆጠራ እዚህ አይደርስም። የሚደርሰው የሚመላለስ ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ወይም ድርጅቱ ቢዝነስ የቆረጠለት ሰው ነው።

ከምቾቶቹ ሁሉ የምናደንቀው ቡናውን ነው፤ ብናደላም አይፈረድብንም። ረከቦት ተዘርግቶ ቡና በሥርዓቱ ይፈላል፤ ዕጣኑ ይሸታል። ካርዱን አንጠልጥሎ የሚሮጥ ፈረንጅ ሳይቀር ቆም ብሎ ያያል። እኛ ጅማዎች የቡና መገኛ ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ ናት እንላለን። የከፋ ወንድሞቻችን ማኪራ ነው ይላሉ፤ ቦንጋ ላይም ሙዚየም አላቸው። እሱን ለእነሱ እንተወው። የሊሙን፣ የጎማን፣ የጌራን ቡና የቀመሰ የራሱን ፍርድ ይስጥ።

ጉድለቱም ከዚሁ ከቡናው ይጀምራል። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ሰዓት ይፈልጋል፣ ወሬ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይፈልጋል። ላውንጅ ውስጥ መንገደኛው አንድ ሲኒ ይቀበላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። አንዲት አክስቴ አቦሉን ጠጥታ ሲኒዋን እንደያዘች ቁጭ ብላ ቶናውን ጠበቀች። ያፈላችው ልጅ ደግሞ ለሌላ እንግዳ አዲስ ጀበና ጣደች። «ልጄ፣ የእኔስ?» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ፤ ቶናው ግን መጣ። በቅቤ የሚቆላውን ቡና ቀላ የሚፈልግ ደግሞ ጅሬን ዘመድ ይኑረው።

ምግቡ ላይ አገሩን የሚያውቅ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር አለ። ሥጋ ባለበት ገበታ እኛ ዘንድ «ማን ባረከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ተዝናንቶ የሚበላው ሽሮና ምስር፣ ማለትም የጾሙ ነው። ስለዚህ በማንኛውም አገር በቀል ላውንጅ የጾም ምግብ ያለበት ጥግ ከሥጋው ጥግ ይልቅ ብዙ ሰው ያስማማል። እንጀራ ለመብላት ግን ዝቅ ያለ የሶፋ ጠረጴዛ አይመችም። ጎንበስ ብሎ ጉልበት ላይ ወጥ ማንጠባጠብ ነው።

ስለ መቀመጫ ካነሣን፣ የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወላወልም። የላውንጅ ሶፋ ለስላሳ ነው፤ ሽማግሌ ግን አንዴ ከሰመጠ ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋል።

ሻወሩ ለረጅም መንገደኛ ትልቅ ነገር ነው። ከጅማ ለዑምራ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሌላው በላይ ይጠቅመዋል። ጅዳ የሚወርድ ሰው ሚቃቱን፣ ማለትም ሳይዘጋጁ የማይታለፈውን የዑምራ ወሰን፣ አየር ላይ ስለሚያልፍ ገላውን ታጥቦ ሁለቱን ያልተሰፉ ጨርቆች ከበረራው በፊት መልበስ ይቀለዋል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢሕራም፣ ማለትም የዑምራው ሥርዓት ውስጥ፣ ከገቡ በኋላ ሽቶ አይነካም፤ የላውንጅ ሳሙና ደግሞ ባብዛኛው ይሸታል። የሚያውቁት ሽታ የሌለው ሳሙናቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ።

መጨናነቅ የዓለም ላውንጅ ሁሉ በሽታ ነው። ቦሌ ላይ በረራዎች በማዕበል ይመጣሉ፤ ብዙ አውሮፕላን ባንድ ጊዜ ይገባል፣ ብዙ ባንድ ጊዜ ይወጣል። መንገደኛን ለማገናኘት ይህ ብልህ አሠራር ነው። ለላውንጅ ግን ፈተና ነው። በማዕበሉ ሰዓት ወንበር ፍለጋ ሰሐን ይዞ መዞር ይመጣል። ማዕበሉ ሲያልፍ ያው አዳራሽ ባዶ ይሆናል። ለጅማ መንገደኛ ሌላም አለ። ከአገር ውስጥ በረራ ወርዶ ኢሚግሬሽንና ፍተሻ አልፎ ነው ላውንጅ የሚደርሰው። በክረምት ጅማ ላይ ጉም ወርዶ በረራው ከዘገየ መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው የላውንጅ ሰዓት ነው።

ብዙ ላውንጆች ለጸጥታ ሲሉ የበረራ ጥሪ በድምፅ ማጉያ አያሰሙም። ስክሪኑን ራስህ ተከታተል ነው። በእንግሊዝኛ ሰዓት ላልለመደ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስክሪኑ ላይ 01:10 ካለ የእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ከ10 ነው። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ካለ እኛ ሰኞ ማታ 6 ሰዓት ከ40 የምንለው ነው፤ ከጅማ መነሣት ያለበት ሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣ የሚያስር ሰው፣ ወርቅ ካርድ ቢይዝም፣ አውሮፕላኑ ሄዷል።