የዘይት ግፊት ምንድን ነው? ፖምፓ ከመግዛታችሁ በፊት

ሶማሌ ተራ የሞተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። በቅርቡ ከአርሲ አንድ ጋሼ መጡ። የድሮ ማሴይ ፈርጉሰን 135 አላቸው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው። ለናሙና የተፈታውን የዘይት ፊልትሮ በፌስታል ይዘዋል። «የዘይት ግፊቱ ጠፋ ልጄ፤ ፖምፓው አልቆለታል፣ አዲስ ስጠኝ» አሉኝ። ብሩን ቆጥረው ነው የመጡት። እኔ ግን ወዲያው አልሸጥኩላቸውም፤ ግፊት የጠፋበት ሞተር ሁሉ ፖምፓው ሞቷል ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው ግፊትን የሚፈጥረው ፖምፓው ይመስለዋል። የፖምፓው ሥራ ዘይት መግፋት ነው። ከኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ይመጥጥና በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይልካል፣ በቃ። ግፊት የሚመጣው ዘይቱ መውጫ ሲጠበው ነው። በክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና በብሮንዚኑ (ዘንጉ ተደግፎ በሚዞርበት ስስ ብረት) መሃል ያለችው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ለአስር ብትከፈል አንዷን ያህል ብትሆን ነው። ዘይቱ እዚያች ውስጥ ተጨናንቆ ሲገባ ነው ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው።

ፒያሳ አካባቢ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ይህን ያውቀዋል። የውሃ መስመሩ አንድ ነው። ታች ያለው ጎረቤት ቧንቧውን ሙሉ ሲከፍት እናንተ ጋ ውሃው ክር ያክላል። መስመሩ ምንም አልሆነም፣ ውሃው ሰፊ መውጫ አግኝቶ ነው። ያለቀ ብሮንዚን ማለት ያ የተከፈተ ቧንቧ ነው። አዲስ ፖምፓ ብትገጥሙለት ለጥቂት ጊዜ ትንሽ ይሻሻል ይሆናል እንጂ ቀዳዳው እዚያው አለ።

የዚህ ዓይነቱ ፐርኪንስ ሞቆ በሙሉ ዙር ሲሠራ ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) መያዝ አለበት። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። በሙሉ ዙር ከ30 በታች ከወረደ ግን መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። እርሻው ይቆይ። «ይቺን ጥግ ልጨርስና» ብሎ ክራንክ ሻፍቱን ያስበላ ሰው አውቃለሁ፣ ያቺ ጥግ የአንድ ወቅት ምርት አስከፈለችው።

ከዚያ ጌጁን፣ ግፊቱን የሚያሳየውን መለኪያ፣ ጠርጥሩ። ዳሽቦርዱ ላይ ስንት ዓመት ሲንቀጠቀጥ የኖረ ጌጅ ሊዋሽ ይችላል። ከመካኒክ ደህና ጌጅ ተዋሱና ሞተሩ ላይ በቀጥታ አስራችሁ ለኩ። ይህን ሳያደርግ ሞተር የሚያወርድ መካኒክ ካጋጠማችሁ ትራክተራችሁን አትስጡት።

ልኬቱ እውነት ከሆነ መቼ እንደሚወርድ እዩ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ጥሩ ይዞ፣ አንድ ሰዓት ከታረሰ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ዘይቱ ሲሞቅ ቀጥኖ በሰፋ ክፍተት እያመለጠ ነው፤ ብሮንዚኑን አስቡ። ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ከሌለ ደግሞ ሌላ ነው፦ ዘይት አንሷል፣ የፖምፓው መምጠጫ ወንፊት ተደፍኗል፣ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ይስባል፣ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። ቫልቩ ስፕሪንግና ትንሽ ፒስተን ነው፣ አንዲት የብረት ብናኝ ብትገባበት አይዘጋም፣ አጥቦ መመለስ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ስፕሪንጉን በወፍራም ዋሸር አጠንክረው ግፊት እንጨምራለን የሚሉ አሉ። አይሠራም። ቫልቩ የሚወስነው ከፍተኛውን ልክ ነው፤ ዘይቱ እዚያ ልክ ካልደረሰ ማጥበቁ ምን ይጠቅማል? ወፍራም ዘይት መሙላትም ቀስቱን ያነሳዋል፣ ብሮንዚኑን ግን አያድነውም።

ብሮንዚኑን ለማየት ኮፓው መውረድ አለበት። ተጠንቀቁ፣ በእነዚህ ትራክተሮች ኮፓው ቀላል ቆርቆሮ አይደለም፣ የፊት አክሰሉን የሚሸከም ከባድ ብረት ነው። ትራክተሩን በደንብ ሳትደግፉ ቡሎን እንዳትነኩ። ብሮንዚኑ ወጥቶ ግራጫ ከሆነ ደህና ሊሆን ይችላል። መዳብ የመሰለ ቀይ ከታየበት ላዩ ተበልቷል፤ ክራንክ ሻፍቱን አስለኩ፣ ካስፈለገ ይላግና 0.25 ወይም 0.50 የሚል ብሮንዚን ይገባለታል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ፊልትሮውን ከፌስታሉ አወጣሁና የተረፈበትን ዘይት በሁለት ጣቴ አሸት አደረግኩት። ጣቴ ላይ አይያዝም፣ እንደ ውሃ ነው። አሸተትኩት። ናፍታ! «ልጅዎን ይደውሉለትና የዘይት መለኪያ ዘንጉን ያውጣ» አልኳቸው። ልጁ አየና «ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት አልፏል፣ እኛ ግን ዘይት አልጨመርንም» አለ። ናፍታ የሚስበው ትንሹ ፖምፓ ውስጥ ላስቲክ አለ፣ ዲያፍራም የሚባለው። እሱ ሲቀደድ ናፍታው ወደ ኮፓ ይወርዳል፣ ዘይቱም ይቀጥናል፣ ግፊቱም አብሮ ይሄዳል።

የዲያፍራም ኪት፣ ፊልትሮና ዘይት ይዘው ሄዱ። አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፣ አዲሱን ፊልትሮ ዘይት ሞልታችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ የናፍታ ማጥፊያውን ስባችሁ ቀስቱ እስኪነቃነቅ በስታርተር ብቻ አዙሩት አልኳቸው። ሞቆም ከ30 በታች ከሆነ ኮፓውን አውርዱ፣ ያን ጊዜ ስለ ብሮንዚን እናወራለን አልኩ።

በሳምንቱ ደወሉ። ግማሽ ቀን አርሰው፣ ሞቆ፣ 40 ላይ ቆሟል።