ዲፕሎማ ሌላ፣ ሲኦሲ ሌላ

ደሴ ውስጥ ልጃቸውን ደረጃ 4 ነርስነት የሚያስተምሩ ወላጆች ግራ የሚጋቡበት ነገር አለ። «ተመርቃ የለም እንዴ? ደግሞ የምን ፈተና ነው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያደናግራል።

ዲፕሎማው ትምህርቷን መጨረሷን ብቻ ያሳያል። ሲኦሲ (COC) ግን ሙያውን በትክክል መሥራት መቻሏ የሚፈተሽበት የብቃት ምዘና ነው። የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። በተግባሩ መዛኝ ፊት ቆማ የደም ግፊት ለኪ፣ ቁስል አጽጂ ልትባል ትችላለች። ከጀርም የጸዳ (ስቴራይል) ጓንት ማጥለቅ እንኳ ሥርዓት አለው፤ የውጭውን ገጽ በባዶ እጅ ከነኩት ንጽሕናው አበቃ። ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ወጥቶ ዋርድ ውስጥ ስልክ ሲነካካ የዋለ ተማሪ እዚህ ጋ ይነቃበታል።

ሲኦሲውን ካለፈች በኋላ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ታወጣለች። ያለ ፈቃድ በግል ክሊኒክም ቢሆን በነርስነት መሥራት አይቻልም።