ጎጃም በታሪክ መታጠፊያዎቹ፦ ርስት፣ ግብር፣ እምቢታ

ስለ ጎጃም የተጻፈው ትንሽ አይደለም። ችግሩ ተበታትኖ መገኘቱ ነው። አንዱ ስለ ነገሥታቱ ይጽፋል፤ ሌላው ስለ አርበኞቹ፤ ሌላው ስለ ቅኔ ቤቶቹ። ገበሬው ግን በመሀል ይጠፋል። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው የእሱን ጉዳይ ነው፦ መሬቱን፣ ግብሩንና እምቢ ያለባቸውን ጊዜያት። ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መልክዓ ምድርና ርስት

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይከበዋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መሻገሪያው ይዘጋል። ከውጭ የሚመጣ ሹም ጎጃምን ለመግዛት ሁልጊዜ የተቸገረው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው። ግማሹ ምክንያት ርስት ነው።

ጎጃሜ መሬት የሚይዘው በዘር ቆጠራ ነበር። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባት በአባቱም በእናቱም በኩል መወለዱን ማስረዳት የቻለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ሴትም ትጠይቃለች። በዚህ የተነሣ ክርክር አያልቅም፤ ፍርድ ቤቱም አያርፍም። ግን አንድ ነገር ይጸናል፦ ድሃ የሚባለው ገበሬ እንኳ ባለርስት ነው፤ የማንም ጭሰኛ አይደለም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ጎጃም ውስጥ የሕግ ያህል ይጠቀስ ነበር። ጉልት ሌላ ነው። እሱ ግብር የመብላት መብት ሲሆን፣ የመኳንንቱና የቤተ ክርስቲያን ነበር።

ሥርዓቱ ሁሉንም ያቀፈ አልነበረም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና አብዛኛው ሙስሊም ከርስት ውጭ ነበሩ። በዚህ የተነሣ የመጣው ንቀት ረጅም ዕድሜ ነበረው።

እስከ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት

እቴጌ እሌኒ በመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ የቅኔ ምንጭ ሆኑ፤ ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር ዓባይን የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። በዘመነ መሳፍንት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ገንነው ቆዩ፤ በ1845 በጉር አምባ ከደጃዝማች ካሣ (ኋላ አፄ ቴዎድሮስ) ጋር ተዋግተው ወደቁ።

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 በአፄ ዮሐንስ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ሆኑ። መንቆረር ላይ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፤ ከተማዋም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ገጥመው ተማረኩ። ከዚህ በኋላ ከዓባይ ማዶ ያለው የደቡብ ንግድና ግብር ወደ ሸዋ ዞረ። በእኔ እምነት የጎጃም ፖለቲካዊ ክብደት መቀነስ የጀመረው በዚያ ቀን ነው።

በ1880 ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ ከሱዳን በመጡት ደርቡሾች ተሸነፉ። ከዚያ ደግሞ ከምኒልክ ጋር ዱለዋል ተብለው አፄ ዮሐንስ በ1881 ጎጃምን በጦር ቀጡት። ሕዝቡ ተዘረፈ፣ ከብቱ አለቀ። አፄው ከዚያ ወደ መተማ ሄደው ወደቁ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግን በ1888 ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ ተገኝተዋል፤ ይህ ሲዘነጋ ያንገበግባል።

ከራስ ኃይሉ እስከ ነፃነት

ልጃቸው ራስ ኃይሉ በሀብታቸውና በከባድ ግብራቸው ይታወቃሉ። በ1924 ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር ለማስመለጥ ተባብረዋል ተብለው ተሻሩ። በምትካቸው ራስ እምሩ ተሾሙ። ይህ ትልቅ መታጠፊያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጎጃም በራሷ ቤተ መንግሥት ልጆች ብቻ መገዛቷ ቀረ። ራስ እምሩ ግብሩን ሊያስተካክሉ ሞከሩ። በ1928 ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ ግን ከኋላቸው የራስ ኃይሉ ዘመድ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፈቱ።

ጣሊያን ሲገባ መጀመሪያ ላይ ብዙ ተኩስ አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ጠመንጃ መሰብሰብ ሲጀመር ነው። ከ1930 ጀምሮ ገጠሩ በሙሉ ተነሣ። መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና የቢቸናው በላይ ዘለቀ ጠላትን ምሽግና ከተማ ውስጥ አስቀሩት። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው፣ በቡሬ አድርገው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ የደረሱት አርበኞቹ ባስከፈቱት አገር ላይ ነው።

ከድሉ በኋላ የመጣው ግን መራራ ነበር። በላይ ዘለቀ የደጃዝማችነት ማዕረግና ቢቸና ብቻ ተሰጠው። ቅር ብሎት ሸፈተ፤ ሶማ አምባ ላይ ተከበበ፤ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ከራስ ኃይሉ ልጅ ከማሞ ኃይሉ ጋር ተሰቀለ። ቅጣቱ የተገባ ነበር የሚሉ አሉ። ጎጃም ውስጥ ይህን የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል።

በዚያው ሰሞን መንግሥት የመሬት ግብር አወጀ። ጎጃሜ መሬት አላስለካም አለ። መንግሥትም ለጊዜው ተወው፤ ከጣሊያን በፊት በነበረው መጠን እንዲከፍል ተስማማ። በ1943 ገደማ በዳሞትና በሜጫ ሌላ አመፅ ተነሣ።

የ1960ው አመፅ

በኅዳር 1960 አዲስ አዋጅ ወጣ። አስራት (ከምርቱ አንድ አሥረኛ የሚከፈለው ግብር) ቀርቶ ከእርሻ ገቢ ላይ ግብር ይከፈል የሚል ነው። ሕጉ በወረቀት ሲታይ ክፉ አልነበረም። ያነጣጠረው አስራቱን ከገበሬው ሰብስበው ለመንግሥት እየቀነሱ በሚያስገቡ ባለመሬቶች ላይ ነበር። ጎጃም ላይ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ገቢውን ለመገመት ገማች ማሳ ድረስ መምጣት አለበት። ገማች ከመጣ ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ይከተላል። ቀላድ ከተጣለ ደግሞ ርስት ያከትማል። ደቡብ ላይ ቀላድ ያመጣውን ጭሰኝነት ጎጃሜ በሚገባ ሰምቷል። ፍርሃቱ ይህ ነበር፤ የብሩ መጠን ብቻ አይደለም።

በዚያ ላይ የአገረ ገዥው ጉዳይ አለ። ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ጠቅላይ ግዛቱን ለዓመታት ሲያስተዳድሩ ቅሬታ ተከማችቶ ነበር፦ የመዋጮ ብዛት፣ የጠመንጃ ምዝገባ፣ የሹሞች ጉቦ። ጠመንጃ ለጎጃሜ ጌጥም ዋስትናም ነው። ጣሊያን የነካውን ቁስል ደግመው ነኩት።

ጎጃም ያኔ ሰባት አውራጃዎች ነበሩት፦ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ አገው ምድርና መተከል። አመፁ የጠነከረው በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ነው። ገበሬው መጀመሪያ አቤቱታ አቀረበ። ሽማግሌ ላከ። ሰሚ ሲጠፋ ገማቾቹን አላስገባም አለ። ከዚያ የጎበዝ አለቃ መረጠ። መንግሥት ሲርቅ ወይም ሲበድል አገሬው ራሱን የሚያስተዳድርበት የቆየ ልማድ ነው፤ በአርበኝነት ዘመንም ሠርቶበታል። በ1960 ክረምት መዳረሻ ላይ የመንግሥት ሥልጣን በብዙ ወረዳ ከከተማ አልወጣም።

መንግሥት ጦር ላከ። አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። የሟቾች ቁጥር ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም። የገዛ ዜጋን ማሳ ከሰማይ መደብደብ ግን ቁጥር ሳይጠራም የሚያሳፍር ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ገበሬው አልተንበረከከም።

በነሐሴ 1960 ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ። በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ደብረ ማርቆስ መጡ። ከ1942 እስከ 1960 ያልተከፈለው የግብር ውዝፍ ተማረ። አዲሱ ግብርም በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ። የፓርላማ ሕግ፣ የክብር ዘበኛ ኩራት፣ የአየር ኃይል ጉልበት፣ ሁሉም ተደምሮ የጎጃምን ማሳ ማስለካት አልቻለም።

አመፁን የባላባቱና የካህናቱ ሥራ የሚያደርጉ አሉ። የተወሰነ እጅ ነበራቸው፤ ጉልት ያለው ሰው የሚያጣው አለ። ሆኖም የጎበዝ አለቆቹ ከገበሬው ጋር ሞፈር የሚጨብጡ ነበሩና የአመፁ ባለቤት ገበሬው ነው። ወሰኑንም መናገር ተገቢ ነው። አመፀኞቹ ዘውዱን አልካዱም። ጥያቄያቸው ከጎጃም አልወጣም። በዚያው ዘመን ባሌ ውስጥ ገበሬ ተነሥቶ ነበር፤ ሁለቱ ግን አልተገናኙም። ተማሪው ከ1957 ጀምሮ «መሬት ላራሹ» ሲል የጭሰኛውን ጥያቄ ያነሣ ነበር። ጎጃሜ ደግሞ መሬቱ በእጁ ነው፤ የሚፈልገው እንዳይነካበት ነው። ያም ሆኖ ዘውዱ በጉልበት የጀመረውን በምሕረት ሲጨርስ አገር ሁሉ አይቷል። ከስድስት ዓመት በኋላ ለወደቀው መንግሥት ይህ ቀላል ምልክት አልነበረም።

ከ1967 ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ደቡብ በጭፈራ ተቀበለው። ጎጃም ተጠራጠረ። ለባለርስቱ አዋጁ ያመጣው የዘር ቆጠራውን መሻር ነበርና። ከርስት ውጭ ለነበሩት ግን ትልቅ ቀን ነው፤ ሸማኔውም ሙስሊሙም በገበሬ ማኅበር በኩል መሬት አገኙ። ይህን ጥቅም ማቃለል አይገባም።

በ1983 አጋማሽ ኢሕአዴግ ጎጃምን ያዘ። ክፍለ ሀገሩም ከዚያ በኋላ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና አዊ ተብሎ በአማራ ክልል ሲከፋፈል፣ መተከል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሄደ።

በ1989 የመሬት ሽግሽግ መጣ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር የነበረው «ቢሮክራት» ተባለ፤ የድሮው ባላባት ወገን «ቀሪ ፊውዳል» ተባለ። ለእነዚህ የተተወላቸው አንድ ሄክታር ብቻ ነው፤ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ተቃቃረ። ከጎጃም ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። እንደ 1961ዱ ግን ምሕረት አልመጣም። በሌላ በኩል ሽግሽጉ መሬት ያልነበራቸውን ሴቶችና ወጣቶች ባለይዞታ አድርጓል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የይዞታ ደብተር መስጠት ተጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ምሥራቅ ጎጃም ነው። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይገባል። በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን የምትወጣ ሴት መብቷን የምታስረዳበት ወረቀት አገኘች። ከ1989 በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰው ልጅ ግን ከወላጁ ጥማድ ተካፍሎ ከመኖር፣ የሌላውን መሬት በእኩል (ምርቱን ተካፍሎ) ከማረስ ወይም ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ከመውጣት ሌላ ምርጫው ጠባብ ነው።