ኮሶ፦ ዛፉ፣ መድኃኒቱና መርዙ

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው ብርዳማ አገር ይበቅላል፤ እስከ 20 ሜትር ይረዝማል። ባሌ ውስጥ ዲንሾ የሄደ ሰው ከጽድ ጋር ተቀላቅሎ ያየዋል። ቅርፊቱ ቀላ ያለና እየተላጠ የሚረግፍ ነው። በዕፅዋት ምደባ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው ቢባል ማን ያምናል? ግን ነው።

ሴቴና ወንዴው የተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚያብቡት። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው አበባ ነው፤ ቀላ ብሎ በትልልቅ ዘለላ ቁልቁል ይንዠረገጋል።

ሥራው የኮሶ ትልን ማስወጣት ነው። ትሉ በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ስለሚመጣ፣ ያለ ጥሬ ሥጋ በዓል የማይመስለው ሁሉ ሲፈራው ኖሯል። የደረቀው አበባ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ማለዳ በባዶ ሆድ ጭልጥ ነው። ሲመር አይጣል ነው። ትንሽ ቆይቶ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፣ ትሉም ተጎማምዶ ይወጣል።

የድሮ ተጓዦች ኢትዮጵያውያን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጡ ጽፈዋል። ይህ ልማድ ከትሉ ተፈጥሮ ጋር ይገጥማል። የትሉ ጭንቅላት አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ አካሉ እንደገና ይበቅላል፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም ቁርጥራጩ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሰውየው አዲስ ትል ባይዘውም ደግሞ መጠጣቱ አይቀርም።

ኃይሉ ያለው ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ኬሚካል ዝርያ በሆኑ ውህዶች ላይ ነው፤ ኮሶቶክሲን፣ ፕሮቶኮሲንና ኮሲን ይባላሉ። እነዚህ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሙም። አበባውን እንደ ሻይ አፍልቶ ውሃውን ብቻ መጠጣት ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ ዱቄቱ ከነአተላው መዋጥ አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ እንግሊዝ አገር የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ሲገባም ሳይጣራ እንዲጠጣ ነበር የታዘዘው። ዛፉን ለአውሮፓ አንባቢ ቀደም ብሎ ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሥዕሉን አውጥቷል።

አገር ቤት ግን ኮሶ መሸጥ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። መኳንንቱ ራሳቸው ከኮሶ ቀን አያመልጡም ነበር እኮ!

ትልን የሚጎዳው ነገር ሰውንም አይምርም። ልኩ ካለፈ ያስመልሳል፣ አቅም ያሳጣል፤ የዓይን ነርቭን ጎድቶ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም። ዋናው ችግር ልኩን ማወቅ አለመቻሉ ነው፤ የአበባው ኃይል ከዛፍ ዛፍ፣ ከቆይታ ቆይታ ይለያያል፤ በጭብጥ መለካት ደግሞ ይህን አይዝም። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል መድኃኒት በልክ ተወስዶ ጭንቅላቱንም ጨምሮ ትሉን ይገላግላል። ፋርማሲ እያለ ኮሶ መጠጣት፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ አጉል ጀግንነት ነው።

ዛፉን አሁን የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው። ቀላ ያለው እንጨቱ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ ብዙ ተቆርጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መድቦት ነበር።