ፒግመንት ቀለም ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ እናቴ ሳሎን ውስጥ የአያቴ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። የዛሬ አራት ዓመት እዚያው ከተማ አንድ ፎቶ ቤት በትልቁ ያሳተምኩት ነው። ነጩ ጋቢያቸው አሁን ወይቧል። ጥቁር ኮታቸው ደግሞ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። እናቴ «አባባን እኮ ሻጋታ መታቸው» እያለች ታስቀኛለች። ከፎቶው ሥር ማኅደሩ ውስጥ ያለው የብራና ዳዊታቸው ግን ዛሬም ጥቁሩ ጥቁር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የፕሪንተር ቀለም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዳይ ይባላል። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ነው። ርካሽ ነው፤ አዲስ ሲሆን ያምራል። ብርሃንና አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ግን ቶሎ ይጨርሱታል። ሌላው ፒግመንት ነው። ይሄ አይሟሟም፤ እንደ ላመ ዱቄት ፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል። ጥቁሩ ፒግመንት ካርቦን ነው፤ ጥላሸት በሉት። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ከድስት ቂጥ ፍቀው፣ በሙጫ ለውሰው፣ ለወራት አብላልተው የቀለም ቀንድ ውስጥ የሚጨምሩት እሱኑ ነው። ካርቦንን ፀሐይ አያደበዝዘውም።

አረንጓዴውስ ከየት መጣ? ብዙ ፕሪንተር ግራጫን የሚሠራው ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ደባልቆ ነው። ቀዩ ቀድሞ ሲለቅ የቀሩት ሁለቱ አረንጓዴ ይሆናሉ።

ቀለሙ ቢበረታም ወረቀቱ ጉድ ሊሠራ ይችላል። ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት ሊግኒን የሚባል የእንጨቱ ንጥረ ነገር አለበት፤ አሮጌ ጋዜጣን የሚያወይበው እሱ ነው። ከጥጥ የተሠራና አሲድ የሌለው ወረቀት ዕድሜው ይረዝማል። በጣም የነጣ ወረቀት ሳይ ደግሞ እጠራጠራለሁ። ብዙ ጊዜ ማንጫ ኬሚካል ተጨምሮበታል፤ ኬሚካሉ ሲደክም ንጣቱም አብሮ ይሄዳል። ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ሥር አድርጉት። ቦግ ብሎ ሰማያዊ ካበራ አለበት ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን ፎቶውን እንደገና ላሳትም ሌላ ቤት ሄድኩ። «ቀለማችሁ ፒግመንት ነው?» አልኩት ልጁን።

«ኦሪጅናል ነው» አለኝ።

ተራ ወረቀት ላይ ትንሽ ግራጫ አሳተምኩና እስኪደርቅ ጠብቄ የውሃ ጠብታ ጣል አደረግኩበት። ዳሩ ላይ ሮዝና ሰማያዊ ሆኖ ተሰራጨ፤ ሟሟ፣ ዳይ ነው ማለት ነው። ፍላሼን ነቅዬ ወጣሁ።